ሳል የያዛት ፊያትና ሐኪሟ

መኪና የሌለው ሰው ሁሉ የመኪና ሊቅ ነው። ባለመኪናው የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው፤ እሱንም በፍርሃት። የሌለው ግን የሚከስረው ነገር ስለሌለ በሁሉም ላይ ይፈርዳል። እንዲህ ዓይነት ሊቅ የሌለበት ሰፈር በአዲስ አበባ ቢፈለግ አይገኝም። ቀጨኔ ደግሞ ዳገቱ ብዙ ነው፤ ዳገት ባለበት መኪና ይቆማል፤ መኪና በቆመበት ሊቅ ይፈላል። ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን አቶ ዓምሃ ነበሩ።

አቶ ዓምሃ በአንድ መሥሪያ ቤት የመለዋወጫ መጋዘን ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የመኪና ዕቃ በስም፣ በቁጥርና በመደርደሪያ ያውቃሉ። ዕቃው መኪና ላይ ከተገጠመ በኋላ ምን እንደሚሠራ ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ መጋዘን ጠባቂ መጋዘኑን ጥሎ አይወጣማ። መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ መንጃ ፈቃድም የላቸውም። ይህ ሁሉ ሰፈሩ "መጋቤ ሞተር" የሚል ማዕረግ ከመስጠት አላገደውም። ሰፈሩ ማዕረጉን የሰጠው ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ተቀበሉት።

ሁለት አባባል ነበራቸው። ሞተር ሲነሣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ዝም! እየተናገረች ነው" ይላሉ። የፈረዱት ሳይሆን ሲቀር ደግሞ "ብዬ ነበር" ይላሉ። ምን ብለው እንደነበር የሚጠይቃቸው የለም፤ ከተጠየቁ ስለሚናገሩ።

የእሳቸው ዋና ታካሚ የሲስተር ሰርኬ መኪና ነበረች። ሰርኬ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትቶላት የሄደው አንዲት አመድማ አሮጌ ፊያት ነው። ከአቶ ዓምሃና ከልጃቸው ከአፀደ ጋር በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ትኖራለች፤ መኪናዋም በግቢው ጥግ ካለ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ታድራለች። ፊያቷ የቅንጦት ዕቃ አልነበረችም። ባለፈው ክረምት ብቻ ሁለት ምጥ የያዛቸውን የሰፈር ሴቶች ወስዳለች፤ አንዷማ ልጇን ሳትገላገል ጤና ጣቢያው በር የደረሰችው ለጥቂት ነው።

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ኅዳር ከእንጦጦ የሚወርደው ቁር ሲበረታ ፊያቷን አንድ አመል ያዛት። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ትነሣለች፤ ትስላለች፤ ሁለት ሜትር ትሄድና ድርግም ትላለች። እንደገና ትነሣለች፣ እንደገና ትጠፋለች። በስንት ልመና ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራች በኋላ ግን ሳሉ በአንድ ጊዜ ይለቃትና እንደ ፍየል ዳገቱን ትወጣዋለች። ከሞቀች ጤነኛ ናት። ችግሩ ምጥ ሞተር እስኪሞቅ አለመጠበቁ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሰርኬ ገና ኮፈኑን ሳትከፍት አቶ ዓምሃ ካፖርታቸውን ደርበው አጠገቧ ቆመዋል።

"ዝም! እየተናገረች ነው" አሉ።

"ምን አለች ጋሽ ዓምሃ?"

"ባትሪ አለች። ባትሪ ብርድ አይወድም፤ ሰው ነው በይው። ማታ ነቅለሽ ቤት አስገቢው።"

ባትሪው ቤት ገባ። ያን ሳምንት ከምድጃው አጠገብ ጋቢ ለብሶ አደረ፤ ሰርኬ ራሷ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር የለበሰችው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ባትሪው በሙሉ ጉልበቱ ሞተሩን አዞረው፤ ሞተሩም ሳለ፣ ሳለና ጠፋ።

አቶ ዓምሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ባትሪ አይደለም ብዬ ነበር" አሉ።

ሁለተኛው ምርመራ ቤንዚኑ ላይ አረፈ። "ውሃ አለበት" አሉ። ይህን ግቢ ውስጥ ቢሉት ደግ ነበር። ያሉት ግን በኅብረት ሱቁ የስኳር ሰልፍ ላይ፣ ስልሳ ሰው እየሰማ ነው። "ኩፖን የሚሰጡን ለቤንዚን ነው ወይስ ለውሃ?" የሚልም ጨመሩበት። በማግስቱ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠሩ።

ሰርኬ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዘመኑ ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ሄዶ የሚቀርበት ዘመን ነው፤ ነገሩ ደግሞ በእሷ መኪና የመጣ ነው። አቶ ዓምሃ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ።

"ጓዶች፣ ስህተቴን አምናለሁ" አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጌቱ በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። "ውሃው ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ነው ማለቴ ከሳይንሳዊ አሠራር የራቀ ነበር። ውሃው ካርቡራቶሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ካርቡራቶር ማለት፣ ጓዶች…"

ካርቡራቶር ማለት ምን እንደሆነ አርባ ደቂቃ አስረዱ። ቤንዚንና አየር እንዴት እንደሚጋቡ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ፣ በ፲፱፻፶፰ ስንት መጥቶ ስንት እንደወጣ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስት ሰው ተኛ፤ አንዱ ከአብዮት ጥበቃ ነበር። በመጨረሻ ጓድ ጌቱ ብድግ ብሎ "ግለ ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል!" አለና አስጨበጨበ። በዚያ አዳራሽ ሕዝቡ ከልቡ ያጨበጨበው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ታጠበ። ጠብታ ውሃ አልተገኘበትም።

"ብዬ ነበር" አሉ አቶ ዓምሃ።

ሰርኬ በዚህ ቢበቃት ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ሦስተኛውም ምርመራ ሲመጣ አመነች፤ ምክንያቱም ሲናገሩት ደስ ይላል። "ቴርሞስታት!" አሉ። "የሞተሩን ሙቀት የምትጠብቅ በር ናት። በሯ ተከፍታ ቀርታለች። በሩ የተከፈተ ቤት ይሞቃል? አይሞቅም። መለዋወጫው እስኪገኝ ራዲያተሩን በካርቶን እንሸፍነዋለን።" ካርቶን ግን በዚያ ጊዜ ከየት ይመጣል? አቶ ዓምሃ ከጥላው ሥር ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ተይዞ የተጣለ፣ ካርቶን ላይ የተጻፈ መፈክር አገኙ። በመቀስ በልክ ቆርጠው ከፊያቷ ፍርግርግ ጀርባ ሰኩት።

መፈክሩ ሙሉ ሳለ "አብዮታችን ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይልም" ይል ነበር። በልክ ሲቆረጥ በፍርግርጉ ውስጥ ለመንገደኛ የሚነበበው "አብዮታችን" እና ከሥሩ "ወደኋላ" ብቻ ሆነ።

ሰርኬ ይህን አላየችም፤ ባለመኪና የመኪናውን ፊት ሲነዳ አያይም። ያየችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። አንድ ወታደር ሰላምታ ሊሰጣት እጁን አንሥቶ መሐል ላይ ተወው። ጳውሎስ ስትቃረብ ፊያቷ ካርቶኑ አፍኗት ቀቅላ እንፋሎቷን ለቀቀች፤ ብርድ የያዛት መኪና ትኩሳት ያዛት ማለት ነው። ሰርኬ ወርዳ ፊት ለፊት ስትቆም ጽሑፉን አነበበችው። እጇን በፍርግርጉ አስገብታ ካርቶኑን ቦጫጨቀችው፤ ግን ያየ ሰው አይቷል።

ማምሻውን ጓድ ጌቱ ቀበሌ ጠራት። የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፤ ሲናገር ግን የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ የተሸከመ ይመስላል።

"አብዮቱ ወደኋላ ይላል ነው የምትዪው ጓድ ሰርኬ?"

"ካርቶን ነው ጓድ ሊቀመንበር። ለብርድ ነው።"

"የአብዮቱ መፈክር ለብርድ መከላከያ ነው የምትዪው?"

ጓድ ጌቱ እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳና ውሳኔውን ተናገረ። የኪነት ቡድኑ መለማመጃ አጥቷል። የማትሠራ መኪና የቀበሌ ጥላ ይዛ መቀመጥ የለባትም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ራሱ ይመጣል። መኪናዋ ከነቅዝቃዜዋ ተነሥታ፣ ሳትጠፋ ዳገቱን ወጥታ አስፋልት ከደረሰች ትቀመጣለች። ካልደረሰች ከግቢው ትወጣለች። መንገድ ዳር የምታድር መኪና ደግሞ በሳምንቱ ጎማ አይኖራትም፤ ይህን እሱም እሷም ያውቃሉ።

ግቢ ስትገባ አቶ ዓምሃ በሩ ላይ ጠበቋት። "ሲስተር፣ ቴርሞስታቷ ምናልባት…"

"ጋሽ ዓምሃ!" ድምጿ ከፍ ብሎ ወጣ። "ሊያሳስሩኝ ነው እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዛሬ ጀምሮ መኪናዬ አጠገብ እንዳይደርሱብኝ። ጆሮዎም፣ እጅዎም፣ መቀስዎም!"

አቶ ዓምሃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት። "እሺ ልጄ" አሉ። ሰርኬ ያን ቀን እራት አልበላ አላት።

በማግስቱ ማክሰኞ አዲሱ ገበያ ያለ ጋራዥ ሄደች። ባለቤቱ ዋቅጋሪ የሚባል፣ ከአፉ ቃል በስንት ጊዜ አንዴ የሚወጣ መካኒክ ነው። ፊያቷ አዲሱ ገበያ እስክትደርስ ሞቃለች፤ ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ የገባችው እንደ ሙሽራ ነው። ዋቅጋሪ አስነሣት፣ አጠፋት፣ አስነሣት።

"ምኗን ነው የሚያማት?"

"ጠዋት ትስላለች፤ ትጠፋለች።"

"አሁን ምንም የላትም።"

"አሁን አይደለም እኮ የምልህ። ጠዋት!"

ዋቅጋሪ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ሲስተር፣ ምጥ ያልያዛትን ሴት አምጥተው አዋልጃት ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እስኪይዛት አስተኛታለሁ።"

"እኔ ደግሞ አልጋ የለኝም" አለና ግቢውን አሳያት። ቦታው በመንግሥት ካሚዮን ጢም ብሏል። "በወሩ መጨረሻ ነይ።"

ረቡዕ ጠዋት ሰርኬ ከመኪናዋ ጋር ስትታገል ከአጥሩ ወዲያ አንድ ባርኔጣ አየች። አቶ ዓምሃ ከግቢው ውጪ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ በተቀደደው ቆርቆሮ በኩል ጆሯቸውን ደቅነዋል። ያላየች መሰለች። ሐሙስም ባርኔጣው እዚያው ነበር። ዓርብ ደግሞ ጭራሽ የለም። ይኸው፣ እሳቸውም ተስፋ ቆረጡ ብላ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ከፋት።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ አቶ ዓምሃ የግቢው በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ዋቅጋሪ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ያዛጋል።

"እኚህ ሰውዬ ትናንት በእግራቸው መጡ" አለ ዋቅጋሪ። "ካልሰማኸኝ አልሄድም ብለው ሦስት ሰዓት በር ላይ ቆሙ። ደብተር አነበቡልኝ።"

"ምን አሉህ?" አለች ሰርኬ፤ አዲስ ምርመራ መስሏት።

"ምን እንደሆነ አላውቅም አሉኝ።"

ሰርኬ ወደ አቶ ዓምሃ ዞረች። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው በቀጨኔ አልነበረም። እሳቸውም ከአፋቸው ያወጡት ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው ሆነው ሳይሆን አይቀርም፤ ፊታቸው ተጨራምቷል። ደብተሩን ሰጧት። የመጋዘን ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለው።

"ረቡዕ ከጠዋቱ ፲፪፡፵። ስትነሣ ከሳሉ ጋር ቀጭን ፉጨት። ስትሞቅ ፉጨቱም ሳሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሐሙስ ፲፪፡፴፭። እንደ ትናንቱ። ፉጨቱ ከካርቡራቶሩ ሥር ይመስላል። አልተረጋገጠም። እንዳልጠጋ ተከልክያለሁ።"

ዋቅጋሪ ኮፈኑን ከፈተ። "አስነሻት" አላት። ፊያቷ ተነሥታ መሳል ስትጀምር ከትንሽ ቆርቆሮ ዘይት ወሰደና ካርቡራቶሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ላይ ጠብ አደረገ። ሳሉ ቆመ። ሞተሩ አምስት ስድስት ሰከንድ እንደ ጤነኛ ሠራ፤ ዘይቱ ተስቦ ሲያልቅ ተመልሶ ሳለ።

"ይኸው" አለ ዋቅጋሪ። "በዚህ አየር ትስባለች። በመሐል ያለችው ጓርኒሲዮን አርጅታለች። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ቀዳዳ ይተዋል፤ ሲሞቅ ያብጥና ይዘጋዋል። ለዚህ ነው እኔ ዘንድ ስትመጣ ምንም የሌላት።" ለእሱ ይህ የአንድ ወር ንግግር ነው።

ካርቡራቶሩን ፈታ፤ ያረጀችውን ወረቀት ፋቀ፤ ከሳጥኑ አዲስ ወፍራም ወረቀት አውጥቶ በልክ ቆርጦ ገጠመ። አቶ ዓምሃ ሦስት እርምጃ ርቀው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ሰርኬ አየቻቸው።

"ጋሽ ዓምሃ፣ ምን ያቆምዎታል እዚያ? ይጠጉ እንጂ" አለቻቸው። ተጠጉ።

ጓድ ጌቱ በሰዓቱ መጣና ከፊት ወንበር ገባ። ቁልፉ ዞረ። ፊያቷ ተነሣች፤ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ አልሳለችም። ዳገቱን ጀመረች። የሽማኔው ቤት ጋ ደረሱ፤ ወትሮ የምትጠፋው እዚያ ነው። አለፈችው። አስፋልቱ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ሞተሩ በዝግታ ይሠራል።

ጓድ ጌቱ ከመኪናው ወርዶ ኮቱን አስተካከለ። "ጥላው ይቆይልሽ" አለ። ከኋላ እየሮጡ የደረሱትን አቶ ዓምሃን ጎተት አድርጎ ደግሞ በዝቅተኛ ድምፅ፣ "አባባ፣ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጂፕ ጠዋት ጠዋት እንዲህ እንደ ማንኮራፋት ይላል፤ ምን ይመስልዎታል?" ብሎ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ አቶ ዓምሃ የማይቻሉ ሆኑ። "ብዬ ነበር" በሳምንት አሥር ጊዜ ነበር፣ በቀን አሥር ጊዜ ሆነ። የጓርኒሲዮኗ ታሪክ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ፣ በመድኃኔዓለም ደጀ ሰላም ተተረከ፤ በእያንዳንዱ ትረካ ዋቅጋሪ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ሳጥን የተሸከመ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰርኬ እየሰማች አታርማቸውም። ፊያቷ ግን ያን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልታመመችም።

በነሐሴ አቶ ዓምሃን የሳንባ ምች ጣላቸው። ሰርኬ ጠዋትና ማታ መርፌ ወጋቻቸው። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ እሳቸው ግን አልጋውን አልለቀቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። መርፌው ይህን ያህል መሆን የለበትም አላሉም። መድኃኒቱ አርጅቷል አላሉም። አፀደ ሾርባ ስታመጣ "ይቅርብኝ" ይላሉ።

"አራት ቀን ሆናቸው ሲስተር" አለቻት አፀደ በሩ ላይ፣ ዓይኗ ቀልቶ። "እህል አልቀመሱም። 'ደግሞ ለማን ልነሣ፣ ማን ይፈልገኛል' ይሉኛል።"

ሰርኬ በሥራዋ ብዙ በሽተኛ አይታለች፤ ሐሳብ የማይሰጥ ዓምሃ ግን አስፈራት።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ዝናቡ አባርቷል። ሰርኬ ኮፈኑን ከፍታ፣ ግራ ቀኝ አየት አድርጋ፣ ከአራቱ የካንዴላ ገመዶች አንዱን ነቀለችና ጫፉን ወደ ጎን ደበቀችው። ከዚያ ፊያቷን አስነሥታ ከአቶ ዓምሃ መስኮት ሥር አቆመቻት። ፊያቷ እንደ አንካሳ በቅሎ ትንገዳገዳለች፤ የመስኮቱ መስተዋት ይንቀጠቀጣል። ሰርኬ ነዳጁን ጨመር አደረገች።

አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። መስኮቱ ተከፈተ።

"አጥፊያት! አጥፊያት እባክሽ!" አለ የሰለለ ድምፅ። "በሦስት እግሯ ነው እኮ የምትሄደው! ምን አደረግሻት?"

"እኔ እንጃ ጋሽ ዓምሃ። ድንገት ነው።"

ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የጫማ ማሰሪያቸውን ሳያስሩ ወጡ። ግድግዳውን እየተደገፉ መኪናዋ ድረስ መጡና ሁለት እጃቸውን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ቫልቮላ ተቃጥሏል አሉ። ቆይተው ፒስተን ነው አሉ። ቆይተው ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ በ፲፱፻፷፪ እንዲህ ዓይነት ቫልቮላ በሰባተኛው መደርደሪያ እንደነበረ ተረኩ። ጉንጫቸው ቀላ እያለ መጣ። አፀደ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

"አፀደ!" አሉ ራሳቸውን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጡ። "ይኼ እስከ ምሳ የሚያውል ሥራ ነው። የሚበላ ነገር አምጪልኝ እንጂ፣ በባዶ ሆድ ልታቆሚኝ ነው?"

አፀደ ወደ ቤት ሮጠች። ሰርኬም በሌላ በኩል ጎንበስ ብላ፣ የነቀለችውን ገመድ በአውራ ጣቷ ይበልጥ ወደ ታች ገፋ አደረገችው፤ በልተው ሳይጨርሱ እንዳያገኙት።